ቆቡን ቀዶ ለሚሰፋው መነኩሴ

«ሥራ ያጣ መነኩሴ ቆቡን ቀዶ ይሰፋል» ይላል ያገራችን ሰው። ምሳሌው የሚወረወረው ለፌዝ ነው። እንጀራ የማያስገኝ፣ ጎተራ የማይሞላ፣ ማንም ያላዘዘው ሥራ ላይ አጎንብሶ የተገኘ ሰው ይህችን ምሳሌ ሳይሰማ አይውልም። እኔም ደጋግሜ ሰምቻታለሁ፤ ምክንያቱም ፋታ ባገኘሁ ቁጥር ከማሽላ አገዳና ከስንደዶ ጉልበቴ ድረስ እንኳ የማትደርስ ጎጆ ማቆም፣ ለጎጆዪቱም መዳፍ የምታህል ጋቢ በትንሽ የእንጨት ፍሬም ላይ መሸመን ደስ ይለኛል። «ማን ሊኖርባት ነው?» ይሉኛል። ማንም አይኖርባትም። ጋቢውንም ማንም አይለብሰውም።

እንግዲህ ዛሬ ለዚያ መነኩሴ ጥብቅና ልቆምለት እወዳለሁ። ስለ እርሱ ሲነገር ሁልጊዜ የሚነሣው ሥራ ማጣቱ ነው። ሲሰፋ ልቡ ምን ያህል እንደተረጋጋ፣ ስፌቱ ከፊተኛው ያማረ እንደሆነና እንዳልሆነ ግን የጠየቀለት የለም።

በአማርኛችን ለእንዲህ ዓይነቱ ነገር የረጋ ስም አላገኘንለትም። በትምህርት ቤት የተማርነው «የትርፍ ጊዜ ማሳለፊያ» የሚለውን ነው። ቃሉን ልብ ብላችሁ ተመልከቱት። ትርፍ ሁለት ፊት አለው። አንደኛው ከሚያስፈልገው አልፎ የቀረ ነገር ነው፤ ሁለተኛው ነጋዴ ከዋናው በላይ የሚያገኘው ጥቅም ነው። ማሳለፊያ የሚለው ደግሞ ጊዜን እንደ ዘገየ እንግዳ ከደጅ መሸኘትን ይመስላል። ጎጆዬን አይቶ «ትርፉ ምንድን ነው?» የሚለኝ ሰው የቃሉን ሁለተኛ ፊት ይዞ ነው የሚጠይቀኝ። እኔ ግን የምኖረው በመጀመሪያው ፊት ነው። የሰው ልጅ ከሆዱና ከጀርባው አልፎ የሚተርፍ ነገር አለው፤ ያም ትርፍ መውጫ ሲፈልግ ብዙ ጊዜ የሚያገኘው እጁን ነው።

ይህን ያስተማረኝ መጽሐፍ አይደለም፤ የሀብሩ ልጆች ናቸው። ከወልድያ ተነሥቶ ወደ ደሴ የሚወርደውን መንገድ የያዘ ሰው ስሪንቃን፣ መርሳን፣ ውርጌሳን እያለፈ ይሄዳል። ያ ሁሉ የማሽላ አገር ነው። መኸር ገብቶ እሸቱ ከታጨደ በኋላ አገዳው በየማሳው ዳር ተከምሮ ይቆያል፤ ከፊሉ ለከብት፣ ከፊሉ ለማገዶ፣ ከፊሉ ለአጥር። ከዚያ ክምር ላይ ልጆች ድርሻቸውን ያነሣሉ። የአገዳው ቅርፊት ጠንካራ ነው፤ ውስጡ ደግሞ እንደ ስፖንጅ የለሰለሰ ነጭ ልብ ነው። ልጁ ቅርፊቱን በጥርሱ ልጦ በቀጭኑ ይሰነጥቀዋል፤ ጫፉን አሹሎ ከለስላሳው ልብ ላይ ይሰካዋል። ምስማር የለም፤ ሙጫ የለም። በዚህ ብልሃት መነጽር ይሠራል፤ መኪና ይሠራል፤ ቤትም ያቆማል።

ቤቱን ሲያቆም ያያችሁት እንደሆነ አናጺነትን ከመጀመሪያው ሲጀምረው ታያላችሁ። ምሰሶው ካልጸና ጣራው ያዘነብላል። ማገሩ ከተራራቀ ጭቃው አይይዝም። ጣራው ከሾለ ሣሩ ይንሸራተታል፤ ከተንጣለለ ደግሞ ዝናብ ያስገባል። ማንም ይህን በቃል አላስተማረውም፤ ቤቱ ራሱ እየወደቀ ያስተምረዋል። አጠገቡ ያለችው እኅቱ ዕቃ ዕቃ ትጫወታለች። ጉልቻዋ ሦስት ጠጠር፣ ምጣዷ የቆርኪ ክዳን ነው። ከቁራጭ ጨርቅ አሻንጉሊት ትጠቀልላለች፤ የበቆሎ ጸጉር ጸጉር ታደርግላታለች፤ ከእናቷ ያረጀ ነጠላ ጥለት ቆርጣ መቀነት ታስታጥቃታለች። ስለዚህ ትንሿ ቤትና ትንሿ ልብስ በአንድ ደጃፍ፣ በአንድ ከሰዓት በኋላ አብረው ይወለዳሉ። እኔ እስከ ዛሬ ሁለቱን ለይቼ ማየት ያቃተኝ ከዚህ የተነሣ ይመስለኛል።

ከዚያ በኋላ የሚመጣውን ታውቁታላችሁ። ልጁ ከብት ይከተላል፤ ልጅቱ እንስራ ትሸከማለች። «ትልቅ ሰው ሆነሃል እኮ፣ ምን ጭቃ ታቦካለህ?» ይባላል። ጨዋታው በዚያች ቀን ይቆማል። የቆመው ጨዋታው ብቻ ቢሆን ባልተናገርሁ ነበር፤ አብሮት የሚቆመው ለደስታ ሲል በእጁ የመሥራት መብቱ ነው። ከዚያች ቀን ወዲህ እጁ የሚንቀሳቀሰው ወይ ለግዴታ ወይ ለገንዘብ ነው።

ይሁንና እናቶቻችን ይህን ሕግ በጸጥታ ሲጥሱት ኖረዋል። የፈትልን ነገር እንውሰድ። ጥጡ ይዳመጣል፤ ፍሬው ይለያል። በደጋን ይነደፋል፤ ባዘቶ ይሆናል። ባዘቶው በእንዝርት እየሾረ ክር ይሆናል፤ ክሩ ይጠቀለላል፤ ልቃቂት ይሆናል። ከዚያ ወደ ሸማኔው ይሄድና ድርና ማግ ተብሎ ይለያል። ይህ ሁሉ የግድ ሥራ ነው፤ ቤተሰብ መልበስ አለበት። ነገር ግን በጥንቱ ዘመን ሴትን ለማወደስ «ቀጭን ፈታይ» ይባል እንደነበር አስታውሱ። ቀጭን ክር ከወፍራሙ ይልቅ አያሞቅም። ጊዜ ይፈጃል፤ ዓይን ያደክማል፤ እየተበጠሰ ትዕግሥት ይፈትናል። ብርድ ለመከላከል ብቻ ቢሆን ኖሮ ማንም ቀጭን አይፈትልም ነበር። ከግዴታው በላይ የሆነችው ያቺ ቅጥነት ትርፍ ነበረች፤ ለዓይን፣ ለጣት፣ ለልብ የተረፈች።

ዳንቴሉንም ጨምሩበት። በወልድያም ሆነ በመርሳ፣ በደርግም ሆነ ከዚያ በኋላ በነበሩት ዓመታት ያደግን ሰዎች በየቤቱ ምን እናይ እንደነበር እናውቃለን። ራዲዮኑ ዳንቴል ለብሷል። ቡፌው ለብሷል። ቴሌቪዥን የገባበት ቤት ቴሌቪዥኑም ለብሷል። ትራሱ ላይ ሁለት ወፎች ፊት ለፊት ተጠልፈዋል፤ ግድግዳው ላይ «እንኳን ደህና መጡ» የሚል ጥልፍ ተሰቅሏል። እስቲ ንገሩኝ፣ ራዲዮን የሚበርደው መቼ ነው? እናቶቻችን ስም ያላወጡለት፣ ፈቃድም ያልጠየቁበት የደስታ ሥራ ነበራቸው። እኛ «ዳንቴል» ብለን ስንስቅበት የሳቅነው በሕይወታቸው ውስጥ የራሳቸው በነበረው ብቸኛ ሰዓት ላይ ሊሆን ይችላል።

ምሳሌው ራሱ እውነት ሆኖ ያየሁበትን ልንገራችሁ። ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ወልድያ በጦርነቱ በሕወሓት ኃይሎች ተይዛ በቆየችባቸው ወራት መብራት አልነበረም፤ ስልክ አልነበረም፤ ባንክ ተዘግቶ ነበር። ከወራት በኋላ አንዲት በዕድሜ የገፉ የማውቃቸው እናት ያን ጊዜ እንዴት እንዳሳለፉት ነገሩኝ። ቤታቸው ውስጥ አንድ የጠረጴዛ ዳንቴል ነበር፤ በሙሽርነታቸው ዘመን የሠሩት። ክር የሚገዛበት ቦታ ስላልነበረ ያንን ዳንቴል ፈቱት። ክሩን ጠቅልለው እንደገና በኪሮሽ ሠሩት። ሲያልቅ እንደገና ፈቱት። እንደገና ሠሩት። አራት ጊዜ ይመስለኛል ያሉኝ።

«እትዬ፣ ለምን ይፈቱታል? ከተሠራ አይበቃም?» አልኋቸው።

«ልጄ፣ እኔ ከምፈታ ክሩ ቢፈታ ይሻላል» አሉኝ።

እነሆ ቆቡን ቀዶ የሰፋው መነኩሴ። ያቺ ኪሮሽ ለቤቱ እህል አላስገባችም፤ የሄደውንም ልጅ አልመለሰችም። የእኚህን እናት ልቡና ግን ከዕለት ወደ ዕለት አሻግራለች። ይህንን «ትርፍ የሌለው ሥራ» ብሎ የሚጠራ ሰው ትርፍ የሚለውን ቃል እንደገና ይማረው እላለሁ።

የሚሰነዘርብኝን ተቃውሞ አላጣሁትም። የመጀመሪያው «ይህ የጠገበ ሰው ጨዋታ ነው» የሚለው ነው። በወሎ ምድር ላይ ቆሞ ይህን ተቃውሞ በቀላሉ ማለፍ ነውር ነው። የ1966ን እና የ1977ን ረሀብ ያየ አገር ነው፤ የተራበ ልጅ ቤት ቤት አይጫወትም። ይህ ግን ጨዋታው ቅንጦት መሆኑን አያሳይም፤ ይልቁንም ጨዋታው የጤና ምልክት መሆኑን ያሳያል። ልጅ አገዳ ማንሣት ሲጀምር አገር መዳን ጀምሯል ማለት ነው። ዋጋውንም ካነሣን አገዳ በነጻ ነው፤ ቁራጭ ጨርቅም በየልብስ ሰፊው ደጃፍ ይጣላል።

ሁለተኛው ተቃውሞ «እንግዲያው ሸጠህ ብላው» የሚለው ነው። ይህኛው የዘመኑ ድምፅ ነው፤ ማንኛውንም የእጅ ሥራ ሲያይ ማኅበር አደራጁ፣ ብድር ውሰዱ፣ ገበያ ፈልጉ ይላል። መሸጥን አልነቅፍም። እዚያው ሰሜን ወሎ ውስጥ፣ ላሊበላ ላይ፣ የቤተ ጊዮርጊስን አምሳል ከድንጋይና ከእንጨት በመዳፍ ልክ እየጠረቡ ለጎብኚ በመሸጥ ቤተሰብ የሚያስተዳድሩ ጠራቢዎች አሉ፤ ሙያቸው የተከበረ ነው። ነገር ግን በ2012 ዓ.ም. ኮሮና መጥቶ፣ ቀጥሎም ጦርነት ተከትሎ የጎብኚው እግር ሲቆም ገበያው አብሮ ቆመ። ገበያ የሚሄድና የሚመጣ ነገር ነው። ሥራውን የሚወደው ሰው ገበያው በሄደበት ዘመንም መሮውን ሊያነሣ ይችላል፤ ለገበያ ብቻ የሚሠራው ግን ከገበያው ጋር ይወድቃል። ሁሉን ነገር ወደ ሸቀጥ ካዞርነው ለክፉ ቀን የሚሆን ምንም አይተርፈንም።

ሦስተኛውና ከሁሉ የሚከብደው ተቃውሞ በቃል አይነገርም፤ በሳቅ ነው የሚገለጸው። «ወንድ ልጅ መርፌ ይዞ!» የሚል ሳቅ ነው። እኛ በእጅ ሥራ የምናፍር ሕዝብ ሆነን ኖረናል። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. አንጥረኛውንም ሸማኔውንም በሥራው የሚሰድበውን ሰው በአዋጅ እስከ መከልከል የደረሱት ስድቡ ምን ያህል ሥር እንደሰደደ ስላዩ ነው። አዋጁ ከወጣ ከመቶ ዓመት በላይ ሆነው፤ ሳቁ ግን አሁንም አለ። የሚገርመው፣ በአገራችን ሸማ የሚሸምነው ባመዛኙ ወንድ ነው፤ በየገበያው በሲንጀር መኪና ቀሚስ የሚጠልፈውም ብዙውን ጊዜ ወንድ ነው። ለገንዘብ ሲሆን ያልተሳቀበት መርፌ ለደስታ ሲሆን ለምን ያስቃል?

ከሌላ አገር አንድ ምሳሌ ላምጣ። የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ባበቃበት በ1918 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ አገር ለቆሰሉና አካላቸው ለጎደለ ወታደሮች የጥልፍ ሥራ የሚያስተምርና የሚያሠራ ድርጅት ተቋቁሞ ነበር። ከምሽግ የተመለሱ፣ እጃቸው የሚንቀጠቀጥ፣ ከአልጋ መነሣት ያቃታቸው ሰዎች ሐርና መርፌ ተሰጣቸው። በለንደን የቅዱስ ጳውሎስ ካቴድራል ለመንበሩ ፊት የሚሆን መጋረጃ የጠለፉት እንዲህ ያሉ ከመቶ በላይ የቆሰሉ ወታደሮች ናቸው። በእነርሱ ላይ የሳቀ ሰው ይኖር ይሆን? በቅርቡም በ2013 እ.ኤ.አ. በታተመ አንድ ጥናት ከ3,500 የሚበልጡ ሹራብ ሠሪዎች ተጠይቀው ብዙዎቹ ሥራው መረጋጋትንና ደስታን እንደሚሰጣቸው መልሰዋል። ሠሪዎቹ ስለ ራሳቸው የተናገሩት ስለሆነ የመድኃኒት ማስረጃ አድርጌ አላቀርበውም። እኚያ የወልድያ እናት የነገሩኝ ነገር በሌላም አገር እንደሚታወቅ ማሳያ ግን ይሆናል።

ይህን የማነሣው ያለ ምክንያት አይደለም። በእኛ አካባቢ ከአንዱ ጦርነት ሳያገግም በ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ በክልሉ ሌላ ግጭት ተነሣ። ትምህርት ቤት የተዘጋባቸው ልጆች ነበሩ፤ የሚሠሩት አጥተው በረንዳ ላይ የዋሉ ወጣቶች ነበሩ። ሥራ የፈታ እጅ ለባለቤቱ ከባድ ሸክም ነው። ጎጆ መሥራት ሰላም ያመጣል የሚል የዋህነት የለኝም። በአንዲት ክፉ ከሰዓት በኋላ ግን አንድ ወጣት የሚይዘው ነገር ቢኖረው ማለቴ ነው።

«ማን ሊኖርባት ነው?» ወደሚለው ጥያቄ ልመለስ። ሰዎች ማንም የማይኖርበትን ቤት መሥራት የጀመሩት ዛሬ አይደለም። በግብፅ ከ4,000 ዓመት ገደማ በፊት የኖረ መኬትሬ የተባለ ሹም መቃብር በ1920 እ.ኤ.አ. ሲቆፈር ከእንጨት የተሠሩ ትንንሽ አምሳሎች ተገኝተዋል። ጎተራ አለ፤ ዳቦ ቤት አለ፤ ከሁሉ ደግሞ እኔን የሚያስደስተኝ ሴቶች የሚፈትሉበትና የሚሸምኑበት ትንሽ ቤት አለ። ትንሿ ቤትና ትንሿ ክር እዚያም አብረው ናቸው። በእኛም አገር ከአክሱም ብዙ ሳይርቅ ሐውልቲ በተባለው ስፍራ በተደረገ ቁፋሮ ከአክሱም ዘመን የቀደሙ፣ ከሸክላ የተሠሩ የቤት አምሳሎች ተገኝተዋል። የአክሱም ታላላቅ ሐውልቶችስ ምንድን ናቸው? በር ተቀርጾባቸዋል፤ መስኮት በመስኮት ላይ ተደርድሮባቸዋል፤ ፎቅ የሚመስሉ ናቸው፤ ማንም ግን ገብቶባቸው አያውቅም። ከጣሊያን በ1997 ዓ.ም. የተመለሰው ሐውልት ብቻ 24 ሜትር ያህል ይረዝማል። በእንግሊዝ ዊንድዘር ቤተ መንግሥት ውስጥ ደግሞ ከ1921 እስከ 1924 እ.ኤ.አ. ለንግሥት ሜሪ የተሠራ የአሻንጉሊት ቤት አለ፤ ውኃው በቧንቧ ይወርዳል፤ መብራቱ ይበራል፤ ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ የዘመኑ ደራስያን በእጃቸው የጻፏቸው ጥቃቅን መጻሕፍት ተደርድረዋል። ንጉሥ ሲያደርገው ጥበብ፣ የሀብሩ ልጅ ሲያደርገው ጭቃ ማቡካት የሚባልበት ምክንያት አይታየኝም።

ያ የንግሥቲቱ ቤት የተሠራው በአሥራ ሁለት እጅ አንሶ ነው። የዓለም ትንንሽ ቤት ሠሪዎችም ይህንኑ ልክ አብዝተው ይጠቀሙበታል። እኔ ሜትር ሳልይዝ ይህን ልክ ያገኘሁት በእኛው ልኬት ነው። አንድ ክንድ ሁለት ስንዝር፣ አንድ ስንዝር ሦስት ጋት፣ አንድ ጋት አራት ጣት ቢባል አንድ ክንድ ሃያ አራት ጣት ይሆናል። ስለዚህ በእውነተኛው ቤት አንድ ክንድ የሆነውን በትንሿ ቤት ሁለት ጣት ካደረግሁት አሥራ ሁለት እጅ አነሰ ማለት ነው። የምሰሶው ቁመት ስምንት ክንድ ከነበረ አሥራ ስድስት ጣት ይሆንልኛል። አያቶቻችን ጎጆ ሲያቆሙ የለኩበት ክንድና ጣት እኔንም ያለ ስሕተት ያደርሰኛል።

ይህን ሥራ ከጀመርሁ ወዲህ አንድ ነገር ተረድቻለሁ። የሣር ቤት እየጠፋ ነው። በቆርቆሮ መተካቱን አልቃወምም፤ ቆርቆሮ በእሳት አይነድም፤ በየጊዜው ክዳን ለውጡ አይልም። ነገር ግን ከቤቱ ጋር ስሞቹም ይሄዳሉ። ምሰሶና ማገርን ሁሉም ያውቃል። ወጋግራን፣ ዋልታን፣ ክፍክፍን፣ ጉልላትን፣ ቆጥን፣ መደብን ግን በመርሳ ከተማ ያደገ ልጅ ጠይቁት። አዳራሽ ሙሉ ቤት በሙዚየም ማቆም ብዙ ገንዘብ ይጠይቃል፤ ሙዚየምም ቢሆን እንደማይጠበቅ የደሴው ሙዚየም በ2014 ዓ.ም. በጦርነቱ ሲዘረፍ አይተናል። አንዲት ትንሽ ጎጆ ግን በየመምህሩ ጠረጴዛ፣ በየመኖሪያ ቤቱ መደርደሪያ ላይ ልትቀመጥ ትችላለች። አንዷ ብትሰበር ሌላዋ ትተርፋለች። ውስጧን ደግሞ ያለ ልብስ መተው አይቻልም፤ መደቡ ምንጣፍ ይፈልጋል፤ አልጋው ባና ይፈልጋል፤ ግድግዳው ላይ የተሰቀለ ነጠላ ይፈልጋል። ለትንሿ ነጠላ ቀጭን ፈታይ ያስፈልጋል። እንዲህ እያለ አንዱ ሙያ ሌላውን ከእንቅልፉ ይቀሰቅሰዋል።

የምለምነው ብዙ አይደለም። በየትምህርት ቤቱ ድሮ «የእጅ ሥራ» ይባል እንደነበረው ያለ፣ ልጆች አገዳና ጭቃ፣ ክርና መርፌ ይዘው የሚቀመጡበት አንድ ሰዓት ቢኖር፤ ወንዱም ሴቲቱም አብረው፤ ውጤቱም ለማርክ ሳይሆን ለደስታ ቢሆን። አባቶች ልጃቸው ያቆማትን ቤት በእግራቸው ገፍተው ባያልፉ። እናቶች ያሠሩትን ዳንቴል በሳጥን ከመደበቅ ቢያወጡት። እናንተም፣ ውድ አንባብያን፣ አያታችሁ በሕይወት ካሉ በሚቀጥለው በዓል አገር ቤት ስትገቡ አጠገባቸው ተቀመጡና የጎጆዋን ክፍሎች ስም፣ የእንዝርቱንም አያያዝ ጠይቋቸው። አገዳና ክር አቅርቡላቸው። «ምን ሊሆንህ ነው?» ቢሏችሁ «ምንም» በሏቸው። ይስቃሉ፤ ከዚያ በኋላ ግን እጃቸው መሥራት ይጀምራል።